ወተቷ አልደረቀም፤ ጠያቂ ነው ያጣው

ከወሊድ ዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ የምትመለስ እናት ወተቷ እንዳይቀንስ ምን ማድረግ ትችላለች? የመልሱ ግማሽ ያለው ቤት ቀርተው ልጁን በሚይዙት አያት እጅ ነው።

"ወተቷ ደረቀ።" ይህ ቃል በብዙ ቤት ይሰማል። የሚሰማውም አብዛኛውን ጊዜ እናቲቱ ሥራ ከጀመረች ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ይነጫነጫል። አያት ማቀዝቀዣውን ሲከፍቱ ያለው የጡት ወተት ትንሽ ነው። ስለዚህ ከሱፐር የዱቄት ወተት ይገዛል። ልጁ ይጠግባል፣ ይተኛል፣ ቤቱም ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ወተቱ በእርግጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ እናቲቱም "ለእኔ ወተት አልተሰጠኝም" ብላ ጡት ማጥባቱን ትተዋለች።

በብዙዎቹ ቤቶች ግን ወተቱ አልደረቀም። የቀነሰው የሚጠይቀው ስላጣ ነው። ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የደረቀ ነገር ተስፋ ያስቆርጣል፣ ጠያቂ ያጣ ግን ጠያቂ ሲያገኝ ይመለሳል።

ከብት ያረባ ሰው ያውቀዋል

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ያደጉ ታላላቆች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። ላም ጥጃዋ ቀርቦ ካልጠባት ወተቷን ትይዛለች። ጥጃዋ የሞተባት እንደሆነ ቆዳው ጭድ ተሞልቶ ይቀርብላት ነበር፤ እሱን እየላሰች ትታለባለች። በአግባቡ ሳትታለብ የሰነበተች ላም ደግሞ ወተቷ ይቀንሳል። ሰውን ከከብት ጋር ማወዳደር ደስ ባይልም፣ አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው።

ሐኪሞች ነገሩን የሚያስረዱት በሁለት ሆርሞኖች ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ከእናቲቱ አንጎል ፕሮላክቲን የሚባለው ይወጣና ጡቱ ወተት እንዲሠራ ያዛል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ይባላል፤ እሱ የተሠራውን ወተት ገፍቶ ያወርዳል። ኦክሲቶሲን እናቲቱ ልጇን ስታይ፣ ድምፁን ስትሰማ፣ ስታስበው እንኳ ይወጣል። ስትጨነቅ፣ ስታፍር ወይም ሕመም ሲሰማት ግን ይታገዳል። ወተቱ አለ፣ ነገር ግን አይወርድም ማለት ነው።

ሦስተኛም ነገር አለ። ወተት ሞልቶ የቆየ ጡት ራሱ "በቅቶኛል" እንደማለት ሥራውን ያዘገያል፤ ቶሎ ቶሎ ባዶ የሚሆን ጡት ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ ያጋተ ጡት "ተጠራቅሞ ይብዛ" ተብሎ መቆየት የለበትም። በቆየ ቁጥር የነገው ይቀንሳል።

ጎጆው ይሰጥ የነበረው

ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ በነበሩበት ዘመን፣ በኦሪት ሕግ መሠረት ወንድ የወለደች ሴት 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር። የአራስ ጎጆው ሥርዓት የንጽሕና ሥርዓት ነው፤ ለወተት ተብሎ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ለጡት ማጥባት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ነበር። እናቲቱ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፣ አትፈጭም። ምግቡን ሌሎች ሴቶች ያመጡላታል። ልጁ ሌሊትም ቀንም ጎኗ ነው፤ በፈለገ ሰዓት ይጠባል። ከጎጆው ስትወጣም ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነበር ወደ ሥራዋ የምትሄደው።

ዛሬ እዚህ አገር ነገሩ ሌላ ነው። እናቲቱ ሆስፒታል ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች፤ ከዚያ ቤቷ ትገባለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ገና በጠዋት አውቶቡስ ላይ ናት፣ ልጁም ከአያቱ ጋር ወይም ሚሽፓሕቶን ነው። የድሮዋ እናትም የአሁኗም አካል አንድ ነው። የጠፋው ቅርበቱና ዕረፍቱ ነው፤ ሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ ያንን ለመተካት የሚደረጉ ናቸው።

ሕጉ የሚሰጣት ጊዜ

መጀመሪያ መብቷን ማወቅ አለባት። አስፈላጊውን ጊዜ ሠርታ የብሔራዊ ኢንሹራንስን፣ የቢቱዋሕ ለኡሚን፣ መስፈርት የምታሟላ እናት ለ15 ሳምንት የወሊድ ክፍያ ታገኛለች። በአንድ ሥራ ቦታ ቢያንስ 12 ወር የሠራች ደግሞ በጠቅላላው እስከ 26 ሳምንት መቆየት ትችላለች፤ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ያለው ግን ክፍያ የለውም።

ብዙዎች የማያውቁት "ሻአት ሆሩት" የሚባለውን ነው፤ ቀድሞ "ሻአት ሃናካ"፣ የማጥቢያ ሰዓት ይባል ነበር። ሙሉ ሥራ የምትሠራ እናት የወሊድ ዕረፍቷ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ለ4 ወር በቀን 1 ሰዓት ከሥራ የመቅረት መብት አላት፤ ደመወዟም አይቀነስም። ይህ ከምሳ ዕረፍት ውጭ ነው፤ የአሠሪው ችሮታም አይደለም፣ የሴቶች ሥራ ሕግ ያዘዘው ነው። አባትየው በእሷ ፈንታ ሊወስደውም ይችላል። ለወተቷ የሚጠቅመው ግን እሷ ብትወስደው ነው፤ አንድ ሰዓት ቀድማ ቤት ከገባች ልጁ ከጡቷ በቀጥታ ይጠባል።

በጽዳት፣ በእንክብካቤ ወይም በፋብሪካ ሥራ የተሰማሩ እናቶች ለአለቃቸው ይህን ለመናገር ያፍራሉ። አንዳንዷ ፈረቃዋ እንዳይነካባት ፈርታ ዝም ትላለች። ስለዚህ ሥራ ከመመለሷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ብትነጋገር ይሻላል፤ በጽሑፍ ቢሆን ደግሞ የበለጠ። የምትጠይቀውም ሁለት ነገር ነው፦ የሚቆለፍ ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት ያልሆነ፣ እና በየሦስት ሰዓቱ ወደ 20 ደቂቃ።

ሥራ ቦታ ላይ፦ በየሦስት ሰዓቱ

ወተትን ከጡት በእጅ ወይም በመሣሪያ ማውጣት በአማርኛ "ማለብ" ይባላል። ቃሉ ታላላቆችን ፈገግ ያሰኛል፤ ልጆቹ በዕብራይስጥ "ሊሽኦቭ" ይሉታል። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ሥራው ጡቱን ልጁ እንደጠባው አድርጎ ማሳመን ነው።

አንዲት እናት በእስራኤል ሰዓት ጠዋት በ7:00 ከቤት ወጥታ በ16:00 ትመለሳለች እንበል። ከመውጣቷ በፊት በ6:30 ታጠባለች። ሥራ ላይ በ9:30 እና በ12:30 ታልባለች። መንገዱ ከረዘመ ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ትጨምራለች። ቤት እንደገባች ልብሷን ሳትቀይር ታጠባለች። ሁለቱን ጡት በአንድ ጊዜ የሚያልብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ጊዜ ይቆጥባል፤ እንደ ያድ ሳራ ካሉ የሕክምና ዕቃ ከሚያውሱ ድርጅቶችም ማግኘት ይቻላል።

ብዙ ወተት ለማግኘት የሚረዱ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ከመጀመሯ በፊት እጇን ታጥባ ጡቷን በሞቀ ጨርቅ ታሞቃለች፣ በእጇም ቀስ አድርጋ ታሻለች፤ መሣሪያው ሲሠራም ማሸቱን አታቆምም። በመጨረሻ የቀረውን በእጇ ታልባለች። የልጁን ፎቶ ታያለች ወይም የለበሰውን ጨርቅ ታሸታለች። ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ጭድ የተሞላውን የጥጃ ቆዳ ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቃል። ጡቱ ላይ የሚደፋው የመሣሪያው ክፍል ልኳ መሆን አለበት፤ ከጠበበ ወይም ከሰፋ ያቆስላል፣ ወተቱም በደንብ አይወጣም። ማለብ ማመም የለበትም።

ወተቷ ከቀነሰባት ደግሞ ለጥቂት ቀናት የምትሠራው ዘዴ አለ፦ በቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ 20 ደቂቃ ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ፣ 10 ማረፍ፣ 10 ማለብ። ልጅ በድንገት በሚያድግበት ሰሞን ቶሎ ቶሎ እየጠባ ወተቱን እንደሚያበዛው ያለ ነው። ውጤቱ በዕለቱ አይታይም፤ ቀናት ይፈልጋል።

እሑድ ብዙ ወጥቶ ሐሙስ ቢያንስባትም አትደንግጥ። መሣሪያ እንደ ልጅ አፍ አይስብም። ዓርብና ሰንበት ልጁ በፈለገ ቁጥር ከጡቷ ሲጠባ ወተቱ እንደገና ይሞላል። ሌሊት ፕሮላክቲን ስለሚበዛ የሌሊት ማጥባት ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ቀን ያጣትን ልጅ ሌሊት መጥባት ቢያበዛ "ወተቷ አልጠቀመውም" ማለት አይደለም፤ የቀኑን እያካካሰ ነው።

በአያት እጅ ያለው ግማሽ

እናቲቱ ይህን ሁሉ አድርጋ ቤት የሚሆነው ካልገጠመ ድካሟ ከንቱ ይሆናል። ልጁን ለሚይዙ አያት ዋናዎቹ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

መጠኑ። ከ1 ወር እስከ 6 ወር ያለ ልጅ እናቱ በሌለችበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሊትር ወተት ይበቃዋል። ለ9 ሰዓት ሲባዛ ከ225 እስከ 315 ሚሊ ሊትር ነው፤ 90፣ 90፣ 90 አድርጎ በሦስት ጡጦ መስጠት ይቻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በዱቄት ወተት ልክ 180 ሲሰጡ ነው። የጡት ወተት መጠን እንደ ዱቄቱ በዕድሜ ከፍ እያለ አይሄድም፤ ልጁ ሲያድግ የሚለወጠው ወተቱ ራሱ ነው።

አሰጣጡ። ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ጡጦውን ወደ ላይ ማቆም ወተቱ ያለ ልፋት እንዲፈስ ያደርጋል። ልጁ ጠግቦም ይውጣል፣ ከዚያ "አልበቃውም" ይባላል። ቀና አድርጎ ይዞ፣ ጡጦውን አጋድሞ፣ በመሐል እያሳረፉ መስጠት ነው። አንድ ጡጦ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ መልካም ነው።

ሰዓቱ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። እናቲቱ በ16:00 የምትገባ ከሆነ በ15:30 ሙሉ ጡጦ አይሰጥም። ጡቷ ሞልቶ፣ ለልጇ ናፍቃ ስትገባ ልጁ ጠግቦ ተኝቶ ታገኘዋለች፤ ወተቱ ጡቷ ውስጥ ይቀራል፣ የነገውም ይቀንሳል። ልጁ ካለቀሰ 30 ሚሊ ሊትር ሰጥቶ፣ አዝሎ፣ እሹሩሩ ብሎ ማቆየት ይቻላል። ከአያት ጀርባ የተሻለ ማቆያ የለም።

ሌላ ነገር አለመስጠት። እስከ 6 ወር ድረስ ውኃ፣ የአብሽ ውኃ፣ ሻይ፣ ስኳር በውኃ ወይም ቅቤ አይሰጥም፤ በበጋ ሙቀትም ቢሆን፣ የጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ነው። እነዚህ ትንሹን ሆድ ሞልተው የመጥባት ፍላጎቱን ይቀንሱታል። ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ አይቀመስም፤ ሕፃንን ክፉኛ ሊመርዝ ይችላል።

የወተቱ መልክ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው የጡት ወተት ቀጭን፣ አንዳንዴ ሰማያዊ መሳይ ነው፤ ቅባቱ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። "ውኃ ነው" ወይም "ተበላሽቷል" ብሎ መድፋት አይገባም። ቀስ አድርጎ ማዞር ይበቃል፤ ይዋሃዳል። የሚሞቀውም ሙቅ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ነው፤ በማይክሮ ጋል አይሞቅም፤ እኩል ስለማያሞቅ አፍ ያቃጥላል።

አቀማመጡ። አዲስ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ማዝጋን በሌለበት ቤት በበጋ ቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ በረዶ ቤት እስከ 6 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። የቀለጠ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠጣት አለበት፤ ተመልሶ አይበረድም። እናቲቱ ከሥራ የምታመጣው በረዶ ባለበት ጺዳኒት ነው። ልጁ ጠጥቶ ያስተረፈው ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። መድፋቱ ስለሚያሳዝን መፍትሔው በትንሽ በትንሹ ቀድቶ መስጠት ነው። የእናት ወተት በሰው ዓይን መታየቱ የሚከብዳቸው አያትም ጡጦውን በጨርቅ ቢጠቀልሉት ምንም አይጎዳም።

ገንፎው፣ አብሹና ጠላው

አራስን በገንፎና በአጥሚት መቀለብ መልካም ልማድ ነው። የምታጠባ እናት በቀን ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ገደማ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ስትራብ ትደክማለች፣ ስትደክም ደግሞ ማለቡን ትዘላለች። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ለምትወጣ እናት የተዘጋጀ አጥሚት በፔርሙዝ መስጠት ትልቅ ርዳታ ነው። ውኃም በጠማት ቁጥር ትጠጣ፤ ያለ ጥም ብዙ ውኃ መጠጣት ግን ወተት አይጨምርም።

አብሽን በተመለከተ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ ጭማሪ አይተዋል፣ ሌሎቹ አላዩም። በወጥ ውስጥ እንደ ቅመም የሚገባው አያሳስብም። በብዛት የሚጠጣ ከሆነ ግን የስኳር በሽታ ያለባት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ እናት ሐኪም ሳታማክር አትጀምረው፤ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። እርጉዝ ከሆነችም አይሆንም።

"ጠላ ወተት ያመጣል" የሚለው ግን ስህተት ነው። አልኮል የወተቱን መውረድ ያግዳል፣ ወደ ልጁም ያልፋል። ቡና ሁለት ሦስት ስኒ ችግር የለውም፤ ልጁ እንቅልፍ ካጣ መቀነስ ነው።

በእርግጥ ሲያንስ

ወተት በእውነት የሚያንስበት ጊዜም አለ። የሚለየው በልጁ ለቅሶ አይደለም፤ በጡቱ መለስለስም አይደለም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት መለስለሱ የተለመደ ነው። የሚታዩት ሁለት ምልክቶች ናቸው። አንደኛው፣ ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ወይም ከዚያ በላይ ቲቱል ማርጠቡ። ሁለተኛው፣ ቲፓት ሃላቭ ሲመዘን ክብደቱ በአግባቡ መጨመሩ። እነዚህ ካሉ ወተቱ በቅቶታል።

ቲቱሉ ደርቆ ከዋለ፣ ልጁ ከደከመና ለመጥባት ካልነቃ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ነው። ለእናቲቱም የሚታዩ ምክንያቶች አሉ፦ የታይሮይድ ችግር፣ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም መፍሰስ፣ ቀድሞ የተደረገ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን ክኒን፣ ወይም አዲስ እርግዝና። ጡቷ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ከያዛትም ሐኪም ትይ፤ ማጥባቱን ግን አታቁም።

የሚጠየቁት የቲፓት ሃላቭ ነርስና "ዮኤጼት ሃናካ" የምትባለዋ የጡት ማጥባት አማካሪ ናቸው። በአንዳንድ ክሊኒኮች አማርኛ የሚናገሩ ሜጋሽሮት አሉ። አያት አብረው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ ምክሩን ሁለቱም አንድ ላይ ከሰሙት ቤት ሲገቡ ክርክር አይኖርም።

የዱቄት ወተት ኃጢአት አይደለም። የእናቱ ካልበቃው ልጅ መራብ የለበትም። ሲዘጋጅ ግን በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ ለመቆጠብ ተብሎ አይቀጥን። ደግሞም ለእናቲቱ ይነገራት፦ "ዛሬ በ14:00 ሰጥቼዋለሁ" ማለት። እሷም ያንን ሰዓት ትተካና ታልባለች። ሳትሰማ የሚሰጥ ጡጦ ሁሉ ለጡቷ "ቀንስ" ብሎ እንደማዘዝ ነው።

አንድ ቃል የሚሠራው

በባህሉ ምራት ለአማቷ፣ ልጅም ለእናቷ መልስ አትሰጥም። "ወተትሽ አልበቃውም፣ ልጁ ከሳ" ስትባል አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። የማይታየው ነገር ግን ያ ቃል ጡቷ ድረስ መውረዱ ነው። ስትጨነቅ ወተቱ ይታገዳል፣ ስታልብ ያንሳል፣ ያነሰውም አማት ያሉትን እውነት ያስመስለዋል። በተቃራኒው "አይዞሽ፣ አጥቢ፣ እኔ ወጡን እሠራለሁ" የሚል ቃል ከየትኛውም ክኒን ይበልጣል።

ወንዶች ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። ልጃቸው ሚስቱ ስታጠባ የማለቢያውን ዕቃ እንዲያጥብ፣ ሌሊት ቲቱል እንዲቀይር፣ ውኃ እንዲያቀርብላት ቢነግሩት ይሰማቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ድሮ ጎጆው በር ድረስ ምግብ ይመጣላት የነበረችው እናት አንድም ቀን ብቻዋን አልነበረችም።

ጊዜውም ረጅም አይደለም። በጣም የሚከብደው ሥራ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ልጁ 6 ወር እስኪሆነው ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ምግብ ይጀምራል፣ ቀን የሚጠጣው ወተት ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ጠዋት፣ ማታና ሌሊት መጥባቱን ግን ይቀጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንድታጠባ ይመክራል፤ ታላላቆች ሳይመከሩ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ቀኑን ደግሞ ከ6 ወር በኋላ የአያት ገንፎ ተራውን ያገኛል።